ወደ ኋላ የሚቆጥረው ካሜራ

ፈቃዱን መርሳ ከተማ አጠገብ ካለው የመስኖ ቦይ ዳር ወድቆ ያገኙት ጠዋት ውሃ ሊመሩ የወረዱ ገበሬዎች ናቸው። ማጅራቱ በከባድ ብረት ተመትቷል። ኢንስፔክተር ታንጉት ከወልድያ ስትደርስ አስከሬኑን ከማንጎ ዛፍ ሥር በጋቢ ሸፍነውት ነበር።

ሟቹ የወልድያ መምህር ነው። ሰው ሁሉ በስልኩ በሚያነሳበት ዘመን፣ እሱ በፊልም የምትሠራ፣ ሌንሷ እየወጣ የሩቁን የምታቀርብ ትንሽ ካሜራ እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር የሚዞረው። አሁንም አንገቱ ላይ ነች። ስልኩም ኪሱ ውስጥ ነው። ታንጉት ካሜራዋን ገልበጥ አድርጋ አየች። የጀርባ ክዳኗ ላይ እርጥብ የሣር ቅጠል ተቀርቅሯል። አንድ ሰው እዚሁ ከፍቶ፣ መልሶ ዘግቷታል።

የሟች ወንድም ይርጋ ጠመንጃውን እንዳነገተ ቀረባት።

«ምን ትመረምሪያለሽ? ገዳዩ ሐጂ ሙሄዲን ነው። ገበያ መሀል ሲዝትበት መርሳ በሙሉ ሰምቷል። እስከ ሣልስቱ እታገሣለሁ። ከዚያ ወዲያ አንቺም አታቆሚኝም።»

ታንጉት ፈራች። ሙሄዲንን አስራ ልታተርፋቸው ትችላለች፤ ደም ለሚመልስ ሰው ግን ወንድማቸውም ይበቃል።

ሙሄዲንን ቤታቸው ደጃፍ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው።

«ዝተውበታል አሉ» አለቻቸው።

«አልዋሽም። ልጄን ሳሚራን ማንጎ ስትለቅም ሳያስፈቅድ አነሳት። አጥፋው አልኩት። አይጠፋም አለኝ። ያላገጠብኝ መሰለኝና ጮህኩበት። ወላሂ፣ እጄን ግን አላነሳሁበትም።»

ካሜራዋን ሰጠቻቸው። አገላብጠው አገላብጠው ጀርባዋን ባውራ ጣታቸው ጠረጉ።

«ሥዕሉ የሚታይበት መስታወቱ የታለ?» አሉ።

ታንጉት ሳቋ መጣ፤ ቀኑ የሳቅ ስላልነበር ዋጠችው።

ከዚያ ወልድያ ተመልሳ የፎቶ ቤት ባለቤት ከሆኑት ከጋሽ በላይ ዘንድ ገባች። እሳቸው መርሳ ላይ ከሙሄዲን ማሳ ጋር የሚዋሰን የውርስ ማንጎ አላቸው። የወሰን ድንጋይ ገፍተዋል ተብለው ሽማግሌ ፊት ቀርበው፣ አልገፋሁም ብለው በመስቀል ምለዋል።

«ጋሽ በላይ፣ ይቺን ፊልም ያጥቡልኛል? ብቻ ክዳኗ ተከፍቶ ነበር።»

«እንግዲያ አትድከሚ ልጄ» አሉ በሐዘኔታ። «ክዳኑ ከተከፈተ እስካሁን ያነሳው ሁሉ ተቃጥሏል። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ነው።»

«መርሳ መቼ ወረዱ?»

«ወር አልፎኛል።»

ለቅሶ ቤት ስትደርስ የሟች ሚስት ቡርቱካን ካሜራዋን አይታ እንደ አዲስ አለቀሰች።

«ይቺ ጣውንቴ ነበረች» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ፊልም ሲያጎርሳት ገና አንድም ሳያነሳባት እስከ ጫፉ ድረስ ስባ ትጨርሰዋለች። ከዚያ ቁጥሯ ከሠላሳ ስድስት ወደ ታች ነው። ያነሳሁት አንድ በአንድ ተመልሶ ጎሬው ይገባል ይለኝ ነበር።»

ታንጉት ይህን እንደሰማች ተነሣች። በዚያው ቀን ፊልሙን አንድ ፖሊስ አስይዛ አዲስ አበባ፣ ፊልም የሚያጥብ ሰው ዘንድ ላከችው።

በሣልስቱ ጠዋት ስልኳ ላይ አንድ ፎቶ ገባ። ሽማግሌዎቹን፣ ሙሄዲንን፣ በላይንና ይርጋን የውሃ ተራ ከሚወጣበት ከቦዩ ራስ ላይ ሰበሰበቻቸው። ይርጋ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሟል።

«ገዳዩ ፎቶ ፈርቷል» አለች። «ስልኩን ግን አልነካም፤ ፈቃዱ በምን እንደሚያነሳ ያውቃል። ካሜራዋንም አልወሰደም፤ ብትጠፋ ሰው ምን አንስቶባት ነበር ብሎ ይጠይቃላ። ክዳኗን ከፍቶ ብርሃን አስገባና ዘጋት። ፊልም በብርሃን እንደሚቃጠል የሚያውቅ ሰው ነው። ሐጂ ሙሄዲን አጥፋው ሲሉ የነበሩ፣ ከጀርባዋ ሥዕል የፈለጉ ሰው ናቸው። ይህን ከየት ያውቃሉ?»

ይርጋ ቀና አለ።

«ይሁን እንጂ ገዳዩ ሌሎቹን ካሜራዎች እንጂ ይቺን አያውቃትም። በሌሎቹ ክዳን ሲከፈት የሚቃጠለው የተነሳው ነው። ይቺ ግን የተነሳውን ወደ ቆርቆሮው መልሳ ትከታለች፤ የተቃጠለው ገና ያልተነሳበት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷም አለቀቀችም። የተነሳው ሁሉ ተቃጥሏል ብሎ ያረጋገጠልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ስልኳን ለሽማግሌዎቹ አቀበለች። ጠርዙ ትንሽ ብርሃን ነካክቶታል፤ ቀሪው ጥርት ያለ ነው። ከቦዩ ማዶ በሌንሷ የቀረቡት በላይ፣ በዲጅኖ የወሰን ድንጋዩን ሲነቅሉ ይታያሉ። ማዕዘኑ ላይ ቀኑ ታትሟል፤ ፈቃዱ የሞተበት ቀን ነው።

ታንጉት «መርሳ ከወረድኩ ወር አልፎኛል አላሉኝም ነበር?» አለቻቸው።



«መሸት ብሎ ስለነበር ብልጭታዋ ራሷ በራች» አሉ በላይ። «ባትበራ አላየውም ነበር። ፊልሙን ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። ለሽማግሌዎቹ አሳያለሁ አለ። በመስቀል ምያለሁ እኮ! በየት በኩል ልገባ ነው አገር ውስጥ? ፊቱን ሲያዞር መታሁት።»

ፖሊሶቹ በላይን ወሰዷቸው። ወንድሙ የሞተው የሙሄዲንን መሬት ሊያስመልስ ሲል እንደሆነ የገባው ይርጋ ጠመንጃውን መሬት ላይ አኖረ። ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመና ከሙሄዲን እግር ሥር ተደፋ።

ሙሄዲን ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አወረዱለት።

«እኔን ተወኝ ልጄ» አሉት። «ይልቅ ቤት ሂድና ሳሚራን ለምናት። የመቀበሪያ ከፈኔን ትናንት ገዝታ፣ በልኬ ቆርጣ አስቀምጣለች።»