መሪጌታ ፊደል ቆጠሩ

አምሐ ፎቶውን ሲያነሣ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለው የቀበሌ አዳራሽ አስተምር ነበር። አባቴ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ሊወስዱኝ ሲመጡ ከተማሪዎቼ መካከል ቁጭ ብለው የፊደል መጽሐፉን ያገላብጡ ነበር። ቅኔ ሲያስተምሩ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ዘመቻውን ሊዘግብ ካዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው ጋዜጠኛ አምሐ ግን እሳቸውን ፎቶ አነሣና የጠየቀው የእኔን ስም ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ነገርሁት።

ከዚያ ወዲያ አመሻሹን ሐይቁ ዳር መገናኘት ጀመርን። ብዙ አናወራም። እሱ ታንኳዎቹን ያያል፣ እኔ እሱን። ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተን ሳለ ጋዜጣው ደረሰ። ከአባቴ ፎቶ ሥር «በስተርጅና መሃይምነትን ድል የነሡ አዛውንት» ይላል።

ከተማው ሳቀ። ደብተራዎቹ «መሪጌታ፣ ሀሁን እንዴት ተወጡት?» እያሉ ቀለዱባቸው። አባቴ ማኅሌት መቆሙን ተዉት፤ ተማሪዎቻቸውንም አሰናበቱ። የእኔንና የአምሐን ነገር ሰምተው ኖሮ፣ «ልጄን ለውሸታም አልሰጥም» አሉ፣ በቃ።

አምሐን ሐይቁ ዳር አገኘሁት።

«ያን ነገር ማን ጻፈው?»

«እኔ። ሽማግሌ መጽሐፍ ይዘው ሳይ ገመትኩ። ማስተካከያ ልኬ ነበር። አለቃዬ ‹ዘመቻውን ልታሳጣ ነው? ደግመህ ብታነሣው ሥራህን እርሳው› አለኝ።»

«እና?»

«እናቴን የማስተዳድረው በዚህ ሥራ ነው፣ የሺአረግ።»

አንጀቴን በላው። ግን አባቴ እቤት ተኮራምተው ተቀምጠዋል።

«ጋዜጣው እንቢ ቢል አንተ አፍ የለህም?» አልሁት፤ ጥዬው ሄድሁ። መንገዱን ሙሉ አለቀስሁ።

እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሳይበተን፣ አምሐ ጋዜጣውን ይዞ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመ። ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። መሪጌታ እኔ ሳልወለድ መምህር ነበሩ። ሳልጠይቅ ጻፍኩ።»

የቀበሌው ካድሬ ከዋርካው ሥር ሆኖ ይሰማ ነበር። በሳምንቱ አምሐ ከሥራ ተባረረ።

ሻንጣውን ይዞ ሊሰናበተን መጣ። አባቴ ከመደባቸው ሳይነሡ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሳይጠይቁ መጻፍን የት ተማርኸው?»

«ጋዜጣ ቤት፣ መሪጌታ።»

«ሻንጣህን አስቀምጥ። ተማሪዎቼን መልሼ ጠርቻቸዋለሁ፤ ከነገ ጀምሮ አብረሃቸው ተቀምጠህ መጠየቅ ትማራለህ። መጀመሪያ የምትጠይቀኝን ደግሞ አውቀዋለሁ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

ማስተካከያው ጋዜጣ ላይ ሳይወጣ ቀረ። እኛ ተጋባን፤ አምሐም አንድ ትምህርት ቤት በጸሐፊነት ተቀጥሮ እናቱን መርዳቱን ቀጠለ። አባቴ ግን እስኪሞቱ ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ አምሐን እያሳዩ፣ «ይህን ጋዜጠኛ ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር።

እንግዳው ዞር ብሎ ሲያየው አምሐ፣ «እውነት ነው» ይላል።