ቦታው ተይዟል

ውቢት ከምሳ በፊት የአቶ ጉልላትን ትዝታ ከጭንቅላታቸው አውጥታ ማስቀመጥ ነበረባት። ሐኪሞቹ አንጎላቸው ውስጥ የፈነዳውን የደም ሥር እስኪጠግኑ ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ለተተከለው የትዝታ ቋት ይህ እንደ ጥርስ መንቀል የተለመደ ሥራ ነው።

ቋቱ የሰውን ዕድሜ በጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ ጎን ለጎን ይደረድራል፤ ተደጋግሞ የታሰበው ከፊት፣ የተረሳው ከኋላ። የሚይዘው የመጀመሪያውን ክፍል አድራሻና የክፍሎቹን ብዛት ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ከመነሻው ቆጥሮ ይደርስበታል። ስለዚህ ክፍሎቹ ሳይቆራረጡ በአንድ ተርታ መቀመጥ አለባቸው። መሀል ላይ የሌላ ሰው ትዝታ ከገባ በሽተኛው የራሱን ሠርግ ሲፈልግ የማያውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ይደርሳል።

የቋቱ ግማሽ ባዶ ነው። ውቢትን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ነፃ የሆነው ቦታ እዚህ ትንሽ እዚያ ትንሽ ተበጣጥሷል። ሰፋ ያለው ክፍተት ሁሉ ደግሞ "ተይዟል" ይላል። የሟቾች ትዝታ እዚሁ ስለሚኖር፣ ቤተሰብ ከሟቹ ጎን ለራሱ ቦታ ይይዛል። አውቶቡስ ወንበር ላይ ሹራቡን ጥሎ ሻይ ሊጠጣ የሚወርድ ሕዝብ እዚህም አመሉን አልተወም።

ቀዶ ሐኪሙ ደወለ። "ጋሽ ጉልላት እየደከሙ ነው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ቦታ።"

"ግማሹ ባዶ አይደል እንዴ?"

"ባዶማ ባዶ ነው። አንድ ላይ አይደለም እንጂ።" ስልኩን ዘጋችበት።

በመጨረሻ አንድ ልክ የሚበቃ ክፍተት አገኘች፤ ይመኙሻል ከተባሉ ሟች ትዝታ በፊት ያለ። እሱም ተይዟል። የያዘው ማን እንደሆነ ስታይ ሳቋም ንዴቷም አንድ ላይ መጣ። የያዙት አቶ ጉልላት ራሳቸው ናቸው፤ ይመኙሻል ሚስታቸው ነበሩ። ማሽኑ ግን ለሟች የተያዘ ቦታ ለሕያው አይከፈትም፣ ያስያዘው ሰው ቀርቦ ይሰርዘው አላት። ያስያዙት ሰውዬ ራሳቸውን ስተው ተኝተዋል። ውቢት ማሽኑን በጡጫ መታችው፤ የታመመው እጇ ብቻ ነው።

በእሳቸው ፈንታ መሰረዝ የምትችለው ልጃቸው አዜብ ነበረች።

"ከተሰረዘ በኋላ ይመለስልናል?" አለች አዜብ።

"አይመለስም። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ አባትሽ ከቋቱ እንደወጡ ይወስደዋል።"

"አባዬ እኮ የሚመኘው እማዬ ጎን ማረፍ ብቻ ነው። ሲነቃ ምን ልበለው?"

"መጀመሪያ ይንቁ።" ውቢት እንዲህ ጨክና መናገሯ ለራሷም አስጠላት። አዜብ እያለቀሰች ቦታውን ለመሰረዝ አውራ ጣቷን የማሽኑ መስታወት ላይ አሳረፈች።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ውቢት ግን ትዝታቸውን ስትመልስ ገና ንዴቷ አልበረደም ነበርና የጀማሪ ስህተት ሠራች። ማሽኑ የሚቆጥረው ከዜሮ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ዜሮ ከተባለ፣ የመጨረሻው ቁጥር ከብዛቱ በአንድ ያንሳል። እሷ እስከ ብዛቱ ድረስ አንብብ አለችው። ማሽኑም የታዘዘውን አደረገ፤ ከአቶ ጉልላት መጨረሻ አልፎ የጎረቤትን የመጀመሪያ ክፍል ገልብጦ ጨመረ።

አቶ ጉልላት ግራ ተጋብተው ነቁ።

"ራሴን አየሁት" አሉ። "ወጣት ነኝ። አውቶቡስ ውስጥ ኮቴን ወንበር ላይ ዘርግቼ ከተሳፋሪው ሁሉ ጋር እጨቃጨቃለሁ። 'ተይዟል፣ ትመጣለች' እላለሁ። እኔው ደግሞ በሩ ጋ ቆሜ አየዋለሁ፤ ደስታዬ ልክ የለውም። ሰው እንዴት ራሱን ከሩቅ ያያል?"

አዜብ ውቢትን አየቻት። ውቢት ወደ ማሽኑ ተመለሰች።

ከሚስታቸው ጎን የነበረው ቦታ ላይ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። ከሥሩ ማሽኑ፣ በበሽተኛው ትዝታ ውስጥ አንድ የይመኙሻል ክፍል ተገኝቷል፣ ይሰረዝ ወይ ሲል ይጠይቃል። ደንቡ ይሰረዝ ነው የሚለው። ውቢት አይሰረዝ አለች። ማሽኑ ምክንያት ጠየቃት።

"ተይዟል" ብላ ጻፈች።