በወንዙ ላይ የተተከሉ ጥዶች

ወርቁ ተቆፍሮ ካለቀ ወዲህ በዚያች በሩቅ ሰሜን ባለች የዩኮን ወንዝ ዳር መንደር የቀረው ወሬ ነው። ወሬው ደግሞ በሬዲዮ ነው የሚሄደው። ስልክ ወንዙን አይሻገርም። እያንዳንዱ ቤት የመገናኛ ሬዲዮ አለው፤ መስመሩ ግን አንድ ነው። አንዱ ሲያወራ ሁሉም ይሰማል።

ማቪስ አክስቷን ኤፊን ልትጠይቅ ከከተማ የመጣችው በመኸር ነበር። ዴልበርትን ያገኘችው መሻገሪያው ጀልባ ላይ ነው፤ እዚያ ነበር የሚሠራው። «ያዢልኝ» ብሎ ገመድ ሰጣት። እስኪሻገሩ ድረስ ሳትለቅ ያዘች። ለካ ገመዱ የትም አልታሰረም። ስትነቃበት ሁለቱም በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ወዲያ ማዶ ምንም ጉዳይ ሳይኖራት ስትመላለስ ሰነበተች።

ብርዱ ገባ። ወንዙ በረዶ ማውረድ ሲጀምር ጀልባው ከውሃ ወጣ። ዴልበርት ከውሾቹ ጋር ወዲያ ማዶ፣ ማቪስ ከአክስቷ ጋር ወዲህ ቀሩ። ውሃው በረዶ ሆኖ እስኪጋገር መሻገር የለም።

አንድ ቀን ራት ላይ በሬዲዮ ጠራት።

«ማቪስ... ብርዱን እዚሁ ብትከርሚስ?»

ልቧ ዘለለ። አፏን ልትከፍት ስትል ሽማግሌው ኦቶ ጥልቅ አለ።

«አንተ፣ አግቢኝ በላትና ገላግለን! ራታችን ቀዘቀዘ እኮ!»

መስመሩ በሳቅ ተሞላ። የማቪስ ፊት ጋለ።

«እኔ የከተማ ሰው ነኝ» አለች። «ውሾችህን ጠይቃቸው፤ እነሱ እሺ ይሉሃል።»

ይበልጥ ተሳቀ። ዴልበርት ብቻ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁ ከሬዲዮው ጠፋ።

ወንዙ ሲጋገር፣ አንድ ጠዋት፣ በማዶው ዳር አንዲት ትንሽ ጥድ በረዶው ላይ ቆማ ታየች። በማግስቱ ሌላ።

«ዴልበርት ነው» አለች ኤፊ። «በመጥረቢያ እየፈተሸ፣ በረዶው ሰው መሸከም በሚችልበት ላይ ጥድ ይተክላል። ሌላው ያንን ተከትሎ ይሻገራል።»

«ለእኔ ብሎ ነው?»

«በየዓመቱም እሱ ነው የሚተክለው፤ እስከ ጀልባው መቆሚያ። እኔ ምን አውቄ? ሬዲዮው ያውልሽ፣ ጠይቂው።»

«መንደሩ ሁሉ እየሰማ?»

«እንግዲያው ኩራትሽን አቅፈሽ ተኚ።»

አልጠየቀችም። በመስኮት ስታይ ትውላለች። ጥዶቹ ቀጥ ብለው ወደ ጀልባው መቆሚያ ይመጣሉ። መሃል ወንዝ ሲደርሱ ቆሙ።

«መሃሉ ኃይለኛ ነው፣ ቶሎ አይጋገርም» አለች ኤፊ። «ታገሺ።»

«እስከ መቼ? ለመንደሩ መንገድ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም።»

ፖስታ የሚያመላልሰው መኪና ሲመጣ ተሳፍራ ወደ ከተማ ተመለሰች።

በረዶው ሊሄድ ሲል፣ በጸደይ፣ ተመልሳ መጣች። አክስቴን ልይ ብላ ነው፤ ለሰው የምትለው እንደዚያ ነው። ከመኪናው ወርዳ ወንዙን አየችና ባለችበት ደረቀች። ጥዶቹ እስከ መሃል ቀጥ ብለው ይመጣሉ። ከመሃል ግን የጀልባውን መቆሚያ ትተው ታጥፈዋል። የመጨረሻዋ ጥድ የቆመችው ኤፊ በር ፊት ለፊት ነው።

«አክስቴ፣ መቼ ነው ይሄ?»

«በሄድሽ ሰሞን።» ኤፊ ድንች መላጧን አላቆመችም። «መጥረቢያውን እንደያዘ አንኳኳ። የለችም አልኩት። ሾርባ ሰጠሁት፣ ጠጣ፣ አመስግኖ ሄደ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳትነግሪያት አለኝ። ብርዱን ሙሉ ‹ጠማማው መንገድ› እያሉ ሲስቁበት ከረሙ። ያልሳቀች ነርሷ ኖሪን ብቻ ናት። በዚያው መንገድ እየተሻገረች ዳቦ ስትወስድለት ከርማ... አሁን እዚያው እሱ ጋ ናት።»

ከሰዓት በኋላ በረዶው ሊሄድ ነው የሚል ደወል ተደወለ። መንደሩ ወደ ወንዙ ዳር ሮጠ። በረዶው እንደ መድፍ ጮኸ፣ ተሰነጠቀ፣ ተንቀሳቀሰ። ሰው አጨበጨበ። ጥዶቹ እንደቆሙ፣ ቀስ እያሉ እየዞሩ፣ ቁልቁል ሄዱ። ኤፊ በር ፊት ለፊት የነበረችው ጥድ ዳሩን ይዛ ትንሽ ቆየች። ከዚያ እሷም ሄደች።

ሰው ወደየቤቱ ሲገባ ሬዲዮው ተንጫጫ። የኦቶ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነው።

«ዴልበርት! ያቺ የከተማዋ ልጅ መጥታለች አሉ!»



ማቪስ መናገሪያውን አነሳች። ሁሉም እንደሚሰማ ታውቃለች። ይስማ።

«ዴልበርት፣ ጥዶቹን አየኋቸው።»



«አሁን እኮ ሄዱ» አለ ዴልበርት።

በመስመሩ ላይ ማንም አልሳቀም።