የዶማ ተዝካር

በሐምሌ ወር ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ የጉና ተራራ ራስ ከደመና ባልወጣበት ሰሞን፣ ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ባለው ተዳፋት ላይ የቀኛዝማች ፈንታሁን ግቢ አጥሩ ፈርሶ፣ ጎተራው ከስሎ ይታይ ነበር። ቀኛዝማች ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው በሰኔ መባቻ ወደቁ፤ ወዲያው የጣሊያን ጦር መጥቶ እህሉን አቃጠለ፤ ከብቱን ነድቶ ወደ ምሽጉ አስገባ፤ የጉልቱንም ግብር ለራሱ አደረገ። ስንት ሰው ይበላበት የነበረ ቤት ባዶውን ቀረ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጌጤ በባላቸው ሞት አለቀሱ፤ በድህነታቸው ግን አፈሩ፤ ከለቅሶውም ኀፍረቱ ይብስ ነበር። የቀራቸው ሀብት በጓሮ ጉድጓድ የተቀበረ የገብስ ዘር ብቻ ነው፤ የቀኛዝማችም የአርባ ተዝካር ደርሷል። ገብሱ ጠላና እንጀራ ከሆነ ማሳው ጦም ያድራል፤ ከተዘራ ደግሞ የባላባት ተዝካር ያለ ድግስ ይቀራል፤ ይህም በዚያ አገር ሙቱን ዳግመኛ መግደል ነው።

በዚህ መካከል ለጣሊያን የገቡት የቀኛዝማች ታናሽ ወንድም፣ ባላምባራስ ደምሴ፣ ሁለት ሰንጋ አስነድተው፣ ዱቄት አስጭነው መጡ።

«እመይቴ፣ ወንድሜ በንፍሮ አይዘከርም። ይህን ይደግሱ፤ የምሽጉ ሹም የሚሻው በድግሱ ላይ ለጣሊያን መግባትዎን በአንደበትዎ እንዲናገሩ ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ጌጤ ሰንጋዎቹን አዩ። አንደኛው ቀንደ ሰባራው ቡሬ፣ የገዛ ቤታቸው የእርሻ በሬ ነበር፤ ልባቸው በንዴት ተቃጠለ።

«ደምሴ፣ ቡሬን ለእርሻ ተውልኝ።»

«ለዕርድ እንጂ ለእርሻ አልተፈቀደም።»

«እንግዲያው መልሰህ ንዳው። ወንድምህ በሕይወቱ እምቢ ያለውን እንጀራ ሞቶ አላጎርሰውም።»

«አገር ምን ይላል፣ እመይቴ?»

«ጌጤ ደኸየች ይበል፤ ውሸት አይደለም። ገባች ግን አይልም።»

ባላምባራስ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ወይዘሮ ጌጤም የነፍስ አባታቸውን መምሬ አያሌውን አስጠርተው፣ ያለ ጠላ ተዝካር ይሆን እንደሆነ ጠየቁ።

«ለነፍስ የታዘዘው ጸሎቱ ነው» አሉ መምሬ፤ «ጠላው የእኛ የቄሶቹ ጥማት ነው።»

በዓል ያልዋለበት ቀን ተመረጠ፤ ተዝካር የሚመጣ ሁሉ ዶማ ይዞ እንዲመጣም ተላከ። ወሬውን የሰሙ ባለበቅሎ ዘመዶች ከደጅ ተመለሱ፤ ለመብላት እንጂ ለመቆፈር አልለመዱም። ባላገሩ ግን መጣ። ፍትሐቱ አልቆ ጎረቤት ያዋጣው የባቄላ ንፍሮ ከታደለ በኋላ፣ ወይዘሮ ጌጤ መቀነታቸውን አጥብቀው ወደ ማሳው ወረዱና በዝናቡ ውስጥ መቆፈር ጀመሩ። ሰዉ የባላባት ሚስት ስትቆፍር አይቶ አያውቅምና ፈዞ ቆመ።

ዱሮ ጭሰኛቸው የነበረው ሽማግሌው አለሙ ቀረበ።

«እመይቴ፣ ዶማ እንዲያ አይያዝም።»

«ታዲያ አሳየኛ።»

አሳያቸው። ያን ጊዜ ሁሉም ወረደ፤ መምሬ አያሌውም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ በዚያ ቀን ግን ዶማው ለወደቀው ቤት በዛለት። የወይዘሮ ጌጤ መዳፍ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደማ፤ ኀፍረታቸው ግን የት እንደ ወደቀ አላወቁም። ማሳው ሳይመሽ ተዘራ።

ገብሱ በኅዳር ታጨደ። እኩሌታው ለከርሞ ዘርና ለሙት ዓመቱ ተቀመጠ፤ እኩሌታው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በስልቻ በስልቻ አርበኞቹ ወዳሉበት ጫካ ሄደ። በኋላ ዘመን የጻፉ ሰዎች ቀኛዝማች የወደቁበትን ገደል ስሙን ጻፉ፤ የባላምባራስን ማዕረግ እንኳ አልዘነጉም። አርበኛው በጥብጦ ጠጥቶ የተዋጋበት በሶ ከማን ማሳ እንደ መጣ ግን የጠየቀ የለም፤ ወይዘሮ ጌጤም እስኪሞቱ አልነገሩም።