የለሊሳ የመጨረሻ ብርጭቆ

ለሊሳ ሞቶ የተገኘው እህቱ ፌቨን አምቦ ውስጥ በተከራየችው ቤት፣ አልጋው ላይ ተደፍቶ ነበር። ከአፉ የወረደው ደም አንሶላው ላይ ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የጎደለ የአረቄ ሃይላንድና አንድ ትልቅ የውሃ ብርጭቆ ነበሩ።

ሰፈሩ ወዲያው ፈረደ፤ «መጠጡ በላው» ተባለ። ከሸነን እስከ ባኮ መድረክ ያናወጠው የሮክ ዘፋኝ አምና ሰክሮ ሲነዳ ጉደር መንገድ ላይ ተገልብጦ ድራመሩን ፈየራን ገድሏል። ፍርድ ቤት በገደብ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ራሱን ለመጨረስ የቸኮለ ይመስል ጠጣ፤ ጉበቱ ተበላሸ፣ ደም አስታወከው።

ፌቨን ግን ኢንስፔክተር ወርቅቱን በር ላይ ጠበቀቻት።

«ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ አልቀመሰም። ሐኪሙ አንድ ብርጭቆ ከጠጣ ይሞታል ብሏል። ማንም እንዳይሰጠው ብዬ ለሚጠይቁት ሁሉ ነግሬያለሁ። ስለዚህ የሰጠው ሰው አውቆ ነው። ማን እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ፤ ቀሪውን እኔ አውቃለሁ።»

«ቀሪውን ሕግ ያውቃል» አለች ወርቅቱ።

ብርጭቆውን አሸተተች። ቁም ሳጥኑን ከፍታ መለኪያዎቹን አየች። መስኮቱ ላይ በጣሳ የተተከለውን አበባ አፈር በጣቷ ነካችና አፍንጫዋ ላይ ያዘችው። 

ፌቨን ሥራ ላይ ሳለች ጎረቤቶች ሦስት ጠያቂ አይተዋል። ወርቅቱ በየተራ አነጋገረቻቸው።

«አዲስ ዜማ ላሰማው ነው የመጣሁት» አለ ጊታሪስቱ ጂራ። «እኔ ልግደለው? እሱ ከሌለ እኮ እኔ የሰርግ ጊታር ነኝ!»

መጠጥ ቤት ያላት ሸዋነሽ ቱግ አለች። «ማሎ፣ እባክሽ ኢንስፔክተር! ሾርባ ነው ያመጣሁለት። አረቄ ስለሸጥኩ ገዳይ ከሆንኩማ ግማሹ አምቦ በእጄ ሞቷል!»

ሦስተኛው ኦቦ ጉደታ ነበሩ፤ በመኪና አደጋው የሞተው የድራመሩ የፈየራ አባት፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ለሊሳን በጉባኤ ፊት ይቅር ብለውት፣ ከጉደር እየመጡ አብረውት ይጸልዩ ነበር።

«ጸልየን ተለያየን» አሉ በአጭሩ።

ከሰዓት በኋላ ወርቅቱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ጠረጴዛው ላይ አረቄ፣ መለኪያና የውሃ ብርጭቆ አኖረች።

«ለሊሳ ሊጠጣ ነው እንበል። ቅዱለት።»

ጂራ መለኪያውን አንስቶ ቀዳ። ሸዋነሽም እንደዚያው። ኦቦ ጉደታ ትልቁን ብርጭቆ አንስተው እስከ አፉ ሞሉት።

«ውይ ኦቦ!» አለች ሸዋነሽ። «ይሄ እኮ በሬ ይጥላል!»

«ቤቴ መጠጥ ገብቶ አያውቅም። በምን እንደሚቀዳ በምን አውቃለሁ?»

«እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው» አለች ወርቅቱ። «ለሊሳ ራሱ ቢሆን ከቁም ሳጥኑ መለኪያ ያወጣል፤ ወይም ሃይላንዱን በአፉ ይገጥማል። በውሃ ብርጭቆ የቀዳለት አረቄ ቀድቶ የማያውቅ ሰው ነው። ይህ ብቻ ግን አይበቃኝም። የአበባው አፈር አረቄ አረቄ ይላል፤ ለሊሳ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ደፍቶታል። መድፋት የቻለ ሰው ሁለተኛውን ለምን ጠጣ? ጂራ ቢያቀርብለት ይሰድበው ነበር። ሸዋነሽን ያባርራት ነበር። የአንድ ሰውን እጅ ብቻ መግፋት አይችልም፤ ልጁን የገደለበት አባት፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሲቆምበት።»

ጂራ ወንበሩን ከሽማግሌው አራቀ።

«አበባው ላይ ሲደፋው እያየሁት ነበር» አሉ ኦቦ ጉደታ። ድምፃቸው ተማሪ ፊት የቆመ መምህር ድምፅ ነበር። «መተው ይችል ኖሯል! ለልጄ ሕይወት ያላደረገውን ለራሱ ሕይወት አደረገው። ካመጣሁት አረቄ ደግሜ ቀዳሁ። አላስገደድኩትም። ‹ስለ ፈየራ› ብቻ አልኩት። እያለቀሰ ጠጣ።»

እጃቸውን ለካቴና ዘረጉ። «እሰሪኝ። አልጸጸትም።»

ፌቨን ብድግ አለች። ጂራ ክንዷን ያዘ።

«ልቀቀኝ፤ አልነካውም።» ወደ ወርቅቱ ዞረች። «ኢንስፔክተር፣ ጣቢያ ከመግባቱ በፊት ጉደር ይውሰዱት። ሚስቱ አዴ ኤቢሴ እንቅልፍ የሚወስዳት ‹ባሌ ይቅር ብሏል› ብላ ነው። ራሱ በአፉ ይንገራት። እኔም አብሬ ቆሜ እሰማለሁ።»

«ፌቨን… ማሎ» አሉ ኦቦ ጉደታ። «እሷን ተያት። እሷ አትችለውም።»

ለካቴና የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ።

ወርቅቱ ካቴናውን አስገባችላቸው። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች።

ፌቨን መኪናው ውስጥ ቀድማ ገባች። ጥግ ድረስ ተጠግታ፣ ከጎኗ ለኦቦ ጉደታ ቦታ ለቀቀችላቸው።