ያልተጠረገው ሻይ

ኪዳነማርያም የሞተው በምሳ ሰዓት ነው፤ ያውም ጭንቀት የጣለውን፣ ድምፅ የሚሰማውን ሰው የሚያማክሩ ልጆች ሲያሠለጥን በከረመበት አዳራሽ። ጭንቅላቱ የመድረኩ ጠርዝ ላይ አርፏል። ፔርሙዙ ተገልብጦ፣ ብርጭቆው ደቆ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ሲሚንቶው ላይ ተንጣሏል። ዝንቦቹ ከፖሊስ ቀድመው ደርሰዋል።

ሳጅን ብዙአየሁ በሩ ላይ ቆሞ ወለሉን አየ። ከኋላው የመካነ ሰላም ከተማ ሕዝብ ፍርዱን ጨርሷል፦ «እብዷ ናት!»

እብዷ ያሏት ፈርሂያን ነው፤ ከዓረብ አገር ድምፅ እየሰማች የተመለሰችውን። ለከሰዓቱ ምክሯ መጥታ በረንዳው ላይ ኩርምት ብላለች። ወንድሟ አዩብ ሰንሰለት ይዞ አጠገቧ ቆሟል።

«ሳጅን፣ ወይ ውሰዷት፣ ወይ ምሰሶ ላይ ልጠፍራት። እናታችን ሰው ፊት መውጣት አቅቷታል።»

«አብሽር። ሰንሰለት የትም አይሄድብህም» አለና ሳጅኑ ፈርሂያ ፊት ቁጢጥ አለ። «እህቴ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። ሁሉም ካለ... ምናልባት እኔ ነኝ።»

«ድምፁ ምን ይልሻል?»

«ማዳሟ ናት፣ እዚያ ያሠራችኝ። ‹ጥረጊ፣ እጠቢ› ትለኛለች። ሌላ ብላኝ አታውቅም። እምቢ ስል ጭንቅላቴ ይፈርሳል። በምሳ ሰዓት ቧንቧው ጋ ሳህን ሳጥብ ነበር።»

ሳጅኑ ኮዳውን ከፍቶ ውሃውን በረንዳው ላይ ደፋው። ፈርሂያ ሻርፗን ከራሷ ላይ ነጥቃ፣ ያ ሁሉ ወንድ እያያት፣ በጉልበቷ ማበስ ጀመረች። አዩብ ፊቱን አዞረ። ሳጅኑም አፈረ፤ ግን ማየት የፈለገውን አይቷል።

ሠልጣኙ አምባቸው ሳይጠሩት መጣ።

«እኔ ምስክር ነኝ። እግሬ አልገባም፤ ከውጭ ግን ‹ሰይጣኑ ግደይው አለኝ!› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ጆሮ እንዲህ ነው እንጂ!» አለው ሳጅኑ።

ሌላዋ ሠልጣኝ ድንቅነሽ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች።

«ጧት ምን ስትማሩ ነበር?» አላት ሳጅኑ።

«ልምምድ። አንዱ አማካሪ ይሆናል፣ አንዱ በሽተኛ። እኔ በሽተኛ ሆኜ ‹ሰይጣኑ ግደይው አለኝ› ብዬ ጮህኩ። አምባቸው ሊያረጋጋኝ ሲገባው ሳቀ።»

«ፈርሂያ ሰምታሻለች?»

«ኧረ ያኔ ገና አልመጣችም ነበር።»

«ሟቹስ ምን አለ?»

አቀረቀረች። «ቀድሞም ተቀይሞታል። አምባቸው የፈርሂያን ምስጢር ጫት ላይ አውርቶባት ኒካዋ ፈርሷል። ‹አንተ አማካሪ ሆነህ ሰው ፊት አትቀመጥም፤ ከሰዓት ሁሉም ባለበት አባርርሃለሁ› አለው።»

ሳጅኑ ሁሉንም አዳራሹ ደጃፍ ሰበሰበ።

«እብድ ከገደለ ምክንያት አይጠየቅም ብላችሁ ነው፣ አይደል? ፈርሂያ ግን ሕግ አላት፤ ከኛ የጠበቀ። እዚህ ገብታ ቢሆን፣ ሬሳ ኖረም አልኖረም፣ ይሄን ሻይ ሳትጠርግ አትወጣም። ማዳሟ አትለቃትም። ሻዩ እንደፈሰሰ ነው። ስለዚህ አልገባችም።»

«የሰማሁትስ?» አለ አምባቸው።

«እሷ ላይ ያለችው ማዳም ናት፤ ሰይጣን የለባትም። ሰይጣኑ የድንቅነሽ ነው፣ የጧቱ ጨዋታ። ውሸት ሲያጥርህ ከዚያ ተበደርክ። እስቲ ጫማህን አንሳ።»

አምባቸው አላነሳም። አዩብ ጎንበስ ብሎ አነሳለት። ሶሉ ላይ በስኳር የተጣበቀ የብርጭቆ ስባሪ ያብረቀርቃል።

«አልገባም ያልከው እግር ይኸው።»

አምባቸው ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ማርያምን፣ ልገድለው አልነበረም! ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ፣ ገፋሁት... በዚህ ሥራ ነበር እናቴ በኔ የኮራችው።»

ፖሊሶች ይዘውት ሄዱ። ሕዝቡ ይቅርታ ሳይል ተበተነ። ፈርሂያ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ነፃ ነሽ» አላት ሳጅኑ።

«‹ትድኛለሽ› ያለኝ ኪዳነማርያም ብቻ ነበር። አሁን ማን ቀረኝ?»

ድንቅነሽ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ መጥታ ፊቷ ቆመች።

«እኔ ሥልጠናውን አልጨረስኩም» አለቻት።

«እኔም በሽታውን አልጨረስኩም» አለች ፈርሂያ። «ተቀመጪ።»