የቀኝ ፍሬቻ ትርጉም

በደብረ ብርሃን ተሽከርካሪዎች መብራት ማብራት ካቆሙ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። የከተማዋ ሰረገሎች መሪ የላቸውም፤ ፍሬን የሚረግጥ እግርም አይፈልጉም። እያንዳንዱ ሰረገላ የቀሩት ሁሉ የት እንዳሉና ወዴት እንደሚሄዱ በ«ስምረት» ያውቃል። ስምረት ሰረገሎችን ሁሉ እንደ አንድ አካል የሚያስተሳስር፣ ለዓይን የማይታይ የሬዲዮ መረብ ነው። በነሐሴ ጠዋት፣ ጉሙ የገዛ መዳፍን እንኳ በሚሰውርበት ሰዓት፣ የከተማዋ ሰው በሰረገላው ውስጥ እያንቀላፋ፣ ያለ አንዲት ጭላንጭል፣ ሥራው ቦታ ይደርሳል። የከተማይቱን ስም ትርጉም ልብ የሚል ሰው ግን ብዙ አልነበረም።

ዕፀገነት ልብ ትል ነበር፤ ሥራዋ ከመብራት ጋር ነውና። ከዩኒቨርሲቲ ከክፍሏ አንደኛ ሆና ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ከተማዋ እየተስፋፋች በደረሰችበት በጣርማ በር አፋፍ ላይ የመንገድ ሙዚየም አለ፤ በዚያ አንዲት ነጭ የናፍጣ ፒክአፕ ተሰጥታት፣ በዳሽቦርዷ ላይ የሚበሩትን ምልክቶች እየመረመረች የእያንዳንዱን ፍቺ በካርድ ታሰፍራለች። በሦስት ወር ሥልሳ አራት ካርዶች ጽፋለች። ከመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ አይጥ የበላቸው ገጾች ስለነበሩ፣ የጎደለውን በራሷ ግምት ሞልታዋለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ሐሙስ ሐሙስ ጋሽ ጫንያለው ሊያግዟት ይመጣሉ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የጉልምስና ዘመናቸውን የደሴን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለሱበት ኖረዋል። ዓይናቸው አሁን ብርሃንና ጥላን ከመለየት አያልፍም፤ ሐኪሞች አዲስ ዓይን ሊተክሉላቸው ለመስከረም ቀጥረዋቸዋል። እንደ ልማዳቸው ጋቢና ይቀመጡና ጣታቸውን ወደ ዳሽቦርዱ ይቀስራሉ።

«ቀለሙን ብቻ ያዢ» ይሏታል። «አረንጓዴ ያጫውትሻል፣ ቢጫ ይመክርሻል፣ ቀይ ይቆጣሻል። ሰማያዊው ደግሞ ሰው ዓይን ውስጥ መግባትሽን ይነግርሻል።»

«ጋሼ፣ ይሄ ለካርድ አይሆንም እኮ። ሳይንሳዊ ፍቺ ነው የሚፈለገው።»

«እንግዲያው የኔ ሊቅ፣ ካርድሽን ንጂያ!»

በዚያ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የሙዚየሙ ግድግዳ የአደጋ ጊዜ ድምፅ አሰማና መናገር ጀመረ። ከጣርማ በር ዋሻ በታች ያለው ተራራ ተንሸራቶ የስምረትን ምሰሶ ጥሏል። ከደብረ ሲና የተነሡ ሦስት የሆስፒታል ሰረገሎች መረቡን ሲያጡ ባሉበት ቆመዋል። መራመድ የቻሉት ሰዎች በእግራቸው ወጥተዋል፤ መራመድ የማይችሉ አሥራ አራት ሕሙማን ከአንዲት ነርስ ጋር በውስጣቸው ቀርተዋል። ተራራው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆሙ ያጠራጥራል። በራሪ አምቡላንሶች በጉሙ ምክንያት ማረፍ አይችሉም።

ዕፀገነት እጇ ላይ የነበረው ካርድ ወደቀ። እናቷ፣ ወይዘሮ አስናቀች፣ ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ማለዳ ደውለው «ለምሳ እደርሳለሁ» ብለዋት ነበር።

«እማዬ እዚያ ውስጥ ናት» አለች።

ጋሽ ጫንያለው የፒክአፗን ዳሽቦርድ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ናፍጣ አላት?»

«ለትርኢት የምናስነሣበት ግማሽ ታንክ አለ። ግን ጋሼ፣ ማን ይነዳታል?»

«ዓይን ያለው ነዋ! እኔ አፌን ይዤ እመጣለሁ፤ ግቢ።»

ቁልፉን አንድ ጊዜ ስታዞር ምልክቶቹ በሙሉ በሩ። ከመካከላቸው ጥቅልል ሽቦ የምትመስል ቢጫ ነበረች። «ካንዴሊታ ናት፤ እስክትጠፋ ጠብቂ። በብርድ ናፍጣ ሳይሞቅ አይነሣም» አሏት። ዕፀገነት ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች፤ ቢጫዋ ጠፋች፤ ሞተሩም ከተቀዳ ድምፅ ብቻ የምታውቀውን ጩኸት አሰማ። ፍሪሲዮኑን፣ የግራ ፔዳሉን፣ ስትለቅ መኪናዋ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። በሁለተኛውም ጠፋ። በሦስተኛው እያቃሰተች ሁለት ክንድ ያህል ተንፏቀቀች።

«ከፊትሽ ቀይ ነገር በርቷል?»

«አዎን፤ ክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ።»

«የእጅ ፍሬኑ ነዋ! እግሯን አስረሽ ሂጂ ትያታለሽ እንዴ?»

ፍሬኑን ለቀቀችው። ፒክአፗ ከሙዚየሙ በር ወጥታ ወደ ዋሻው አመራች። ዋሻውን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ጉሙ ዋጣቸው። ዕፀገነት የተሻለ ለማየት ብላ ረጅሙን መብራት ለኮሰች፤ ነጭ ግድግዳ ተደቀነባት።

ጋሽ ጫንያለው ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ። «ሰማያዊው በርቷል አይደል? አጥፊው! ጉም መስታወት ነው፤ በረጅሙ ስታበሪበት ብርሃንሽን መልሶ ዓይንሽ ላይ ይረጨዋል። አጭሩን አድርጊ፤ ጥቂት ማየት ይበቃሻል።»

አጭሩን ስታደርግ የመንገዱ ጠርዝ ከጎማዎቿ ፊት ብቅ አለ። ጥቂቱም በቃቸው።

ሰረገሎቹን ከዋሻው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው አገኟቸው፤ ተከታትለው ቆመዋል። የዕፀገነት አሳብ ሕሙማኑን በሁለት ዙር ማመላለስ ነበር። ፒክአፗን ከፊተኛው ሰረገላ ፊት አዞረችና፣ ለመጫን እንዲመች ጀርባዋን ወደ እሱ አድርጋ ፍሬን ያዘች። ቦታዋን ለማስተካከል ጥቂት ወደፊት ፈቀቅ ስትል በስፖኪዮው ወደ ኋላ ተመለከተች። ሰረገላው ተከትሏት ነበር። ፍሬን ስትይዝ እሱም ያዘ።

«ጋሼ… እየተከተሉን ነው! ሦስቱም!»

«ማን አዘዛቸው?»

ዕፀገነት ይህን በትምህርት ቤት አንብባ ነበር፤ ሕያው ሆኖ አየዋለሁ ብላ ግን አስባ አታውቅም። «ስምረት ከመዘርጋቱ በፊት ሰረገሎች መንዳትን የተማሩት ሰዎች ሲነዱ እያዩ ነው። ያ የመጀመሪያ ትምህርታቸው ከሥር አልተፋቀም። የኋላ መብራታችንን ሲያዩ ትዝ ብሏቸው ይሆናል።»

«ሲያዩ?» አሉ ጋሽ ጫንያለው፤ ድምፃቸው ተለወጠ። «የእኔም መኪና ላይ ሰቅለው ነበር እኮ። ጥቁር ዓይን፣ ካሜራ፣ መስታወቱ ላይ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ደሴ ተመላልሷል። ለጥናት ነው አሉኝ፤ ረስቼው ነበር።»

ነርሷ በመስኮት ብቅ ስትል ዕፀገነት «ሁሉንም ቀበቶ እሰሪላቸው፤ እየመራኋችሁ ልወጣ ነው!» አለቻት።

ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ተያያዙት። ሦስቱ ሰረገሎች በጉሙ ውስጥ ቀዩን መብራት እየተከተሉ ወጡ። አልፎ አልፎ ከላይ ጠጠር እየተንከባለለ መንገዱ ላይ ይፈሳል። የዕፀገነት ልብ ግን እንደሚወጡ ማመን ጀምሮ ነበር። አንድ መታጠፊያ ሲቀራቸው ጨዋታ ቢጤ አማራት።

«ጋሼ፣ ጀበናዋ ከበራች ቆየች። ስንደርስ እናርፋለን።»

«የምን ጀበና?»

«የእረፍት ማሳሰቢያዋ ናታ፤ ካርድ ቁጥር አርባ አንድ። ቀይ ጀበና። ‘ሹፌሩ ደክሞታልና ወርዶ ቡና ይጠጣ’ ማለቷ ነው።»

ጋሽ ጫንያለው ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «አፏ ላይ ጠብታ አለ?»

«አዎን፤ ቡናው ሲቀዳ።»

«ልጄ፣ የዘይት ቆርቆሮ ነው እኮ! ሞተሩ ደረቀ! አጥፊ፣ አጥፊ—»

አልደረሰችም። ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ቋ አለና ሞተሩ ደርቆ ቀረ። ዕፀገነት የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የጠጠሩ መንከባለል ብቻ ሆነ።

ከሥልሳ አራት አንዲቷን ተሳስታለች፤ ያችኑ ዛሬ የምታስፈልጋቸውን። ያልገባትን አላወቅሁም ብላ ባዶ መተው ሲገባት፣ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ ሞልታዋለች። ቀይ ይቆጣሻል ተብሎ ተነግሯት ነበር፤ ዕረፊ ብሎ የሚቆጣ ማን ኖሮ ነው? ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰረገሎቹ ከኋላዋ ቆመዋል። በግራዋ የሚያሳልፍ ቦታ አለ፤ ግን ከፊት ያለውን አያዩም፣ የሚነግራቸውም የለም፤ ስለዚህ አያልፉም። ሦስተኛው ውስጥ፣ ነርሷ እንደነገረቻት፣ እናቷ አለች።

«ለቅሶው ይቆየን» አሉ ጋሽ ጫንያለው፣ ሳይቆጡ። «ስንት ቀረን?»

«ይቺ መታጠፊያ። ከሷ ወዲያ የዋሻው አፍ ነው፤ ስምረትም ይሠራል።»

«መብራቱ በርቷል?»

«ባትሪው ደህና ነው፤ በርቷል።»

«እንግዲያው ቀኝ ፍሬቻ አሳዪያቸው።»

«ቀኝ ፍሬቻ ‘ወደ ቀኝ ልታጠፍ ነው’ ማለት ነው። በቀኛችን ገደል ነው እኮ ጋሼ! መጽሐፉ—»

«መጽሐፉን ተዪው፤ መጽሐፉ የደሴን መንገድ ወጥቶ አያውቅም። ከባድ ጭኜ ዳገት ስወጣ ከኋላዬ ያለው ከፊቴ ያለውን አያይም። እኔ አይለታለሁ። መንገዱ ባዶ ሲሆን ቀኝ አበራለትና ያልፋል፤ የሚመጣ ካለ ግራ። ሕግ አልነበረም፤ ሹፌር ለሹፌር የሚያደርገው ነው። ያ ጥቁር ዓይን አይቶኝ ከሆነ ያውቀዋል።»

ዕፀገነት እጇን ወደ ፍሬቻው ስትሰድ አዛውንቱ ክንዷን ለቀም አደረጓት።

«ቆዪ! አይተሻል?»

«ምኑን?»

«መንገዱን! ሳያዩ ማሳየት ነፍስ ማጥፋት ነው። ሂጂ፣ አይተሽ ነይ።»

ወርዳ ሮጠች። መታጠፊያው ላይ የጀሪካን ያህል ድንጋይ በግራው መስመር መካከል ተኝቶ አገኘች። በሁለት እጇ፣ ከዚያም በትከሻዋ ገፋችው፤ ጥፍሯ ተሰበረ፤ ድንጋዩ ተንከባልሎ ገደሉን ወረደ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ባዶ ነበር። የዋሻው መብራት በጉሙ ውስጥ ደብዝዞ ታያት። እያለከለከች ተመለሰችና ፍሬቻውን ነካች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። በዳሽቦርዱ ላይ አረንጓዴ ቀስት መጫወት ጀመረች።

የመጀመሪያው ሰረገላ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ወጣ፤ ሳያይ፣ በሌላ ዓይን ተማምኖ። ልክ ጎናቸው ሲደርስ፣ ለአደጋ ጊዜ ብቻ ከተተከለችለት ትንሽ ድምፅ ማጉያ፣ ሁለት አጫጭር ድምፆች አወጣ፦

«ጲጵ ጲጵ።»

ዕፀገነት ደነገጠች። «ምን ሆነ?»

ጋሽ ጫንያለው ሳቃቸውና እንባቸው ተቀላቀለ። «ምንም አልሆነም! አመሰገነ! ያሳለፈሽን ሰው ሁለት አጭር ክላክስ ታሰሚዋለሽ። እግዜር ይስጥልኝ ነው!»

ሁለተኛውም አለፈ፤ እሱም አመሰገነ። ሦስተኛው ሲቀር አዛውንቱ «አሁን አራቱንም ፍሬቻ አብሪ፤ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ቀይ ተጫኚ» አሏት።

«እሱን እንኳ መጽሐፉ በግልጽ ጽፎታል፤ ‘አደጋ አለ፣ ራቁ’ ነው። ቢሸሸንስ?»

«እዚህ መንገድ ላይ አራቱን አብርቶ የቆመ ሰው ታልፎ አያውቅም።»

ተጫነችው። ሰረገላው መጣ፤ ጎናቸው ሲደርስ ቆመ፤ ማንም ሳያዝዘው በሩን ከፈተ።

«ዕፀ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉ ወይዘሮ አስናቀች ከውስጥ።

«በኋላ እነግርሻለሁ እማዬ፤ ተጠጊ!» ጋሽ ጫንያለውን ደግፋ አስገባች። ከዚያ ተመልሳ ወደ ፒክአፗ ሮጠች፤ አራቱን አጥፍታ ቀኙን ፍሬቻ ብቻ አብርታ ተመለሰች።

ሰረገላው ተንቀሳቀሰ። ነጯን መኪና ሲያልፍ «ጲጵ ጲጵ» አለ።

ወይዘሮ አስናቀች በመስኮት ወደ ኋላ ዞረው አዩ። «ማንን ነው የሚያመሰግነው? መኪናዋ ውስጥ እኮ ሰው የለም።»

ጋሽ ጫንያለው የማያየውን ዓይናቸውን ወደ ድምፁ አቅንተው ቆዩ። «እኔ ስነዳ የሚያየኝ መስሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ለካ ከሰው ጋር ስግባባ ነው ሲያየኝ የኖረው።»

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተራራው ወርዶ መታጠፊያውንና ፒክአፗን ይዞ ሄደ። አሥራ አራቱም ሕሙማን በዋሻው ማዶ ሻይ እየጠጡ ነበር።

መስከረም ላይ ጋሽ ጫንያለው በአዲስ ዓይናቸው ወደ ሙዚየሙ መጡ። የመኪናዋ ቦታ ባዶ ነበር፤ ካርዶቹ ግን በግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። ቁጥር አርባ አንድ ላይ ጀበናዋ አልተፋቀችም፤ ከሥሯ «ይህን የጻፍኩት ሳላውቅ ነው» የሚል ተጨምሮባት፣ ትክክለኛው ፍቺ ተከትሏል። አዛውንቱ እሱን አልፈው ቁጥር ሰባት ፊት ቆሙ። «ወደ ቀኝ መታጠፍን ያመለክታል» የሚለው መስመር እንዳለ ሆኖ፣ ከሥሩ በእጅ የተጻፈ አዲስ መስመር ነበር፦

«ደግሞም፦ አይቼልሃለሁ፤ እለፍ።»

ሁለት ጊዜ አነበቡት። ዕፀገነት ምን ይሉኝ ይሆን ብላ ከጎናቸው ስትጠብቅ፣ እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ወደ እሷ ዘወር አሉና በገዛ አፋቸው፣ እንደ ልጅ፣ «ጲጵ ጲጵ» አሉ።